ማልታ ላይ ስትወርዱ

ሴንት ፖል፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ የተሟላ፣ ቤትሽም የሞቀ ይሁን። እንዴት ሰነበትሽ? የአባባ ስኳር ወረደላቸው? እማማስ፣ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ዉድበሪ በረዶው ቀልጦላችኋል ወይስ እንደኛ ሰፈር ከሄደ በኋላ የረሳው ዕቃ እንዳለ ሰው ተመልሶ መጣባችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ቢሆን አይፈረድበትም፤ ኤርፖርት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው አባትና እናት በዊልቸር ሲገፋ ይውላል።

በስልክ መመለስ እየቻልኩ ወረቀት መላኬ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስልክሽ ሲጮህ ካንቺ ቀድሞ የሚያነሳው ባልሽ ፊራኦል ነው። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እጁ ፈጣን ስለሆነ ነው። ይህን ግን መጀመሪያ አንቺ ብቻሽን እንድታነቢው ፈለግሁ። ከዚያ በኋላ ብታሳዪውም ብትደብቂውም ያንቺ ፈንታ ነው።

ሐሙስ የላክሽልኝን ጥያቄ ያነበብኩት ሥራ ላይ ሆኜ፣ አንዲት ተሳፋሪ ከመጸዳጃ ቤት እስክትወጣ ስጠብቅ ነው። የክሩዙ መርከብ ከፋሲካ በኋላ እንደሚነሳ፣ ከሚቆምባቸው ወደቦች አንዱ ማልታ እንደሆነ፣ እዚያም ከጠዋት እስከ ማታ ብቻ እንደሚቆይ ነገርሽኝ። ምን እንልበስ፣ ታክሲ እንያዝ ወይስ በእግር እንሂድ፣ ምን ይበላል፣ ምንስ ሳናይ እንዳንመለስ አልሽኝ። ፊራኦልን ስትጠይቂው ደግሞ ረስቼዋለሁ፣ እሷን ጠይቂያት፣ እሷ ታስታውሳለች እንዳለሽ ጨመርሽበት። እዚህ ጋ ስደርስ ስልኩን ገልብጬ ዊልቸሩ ላይ አስቀመጥኩት። ሴትዮዋ ወጥታ ልትቀመጥበት ነበር።

የመጨረሻዋን ጥያቄሽን ለመጨረሻ አቆያታለሁ። እሷን እንዳነበብኩ ወዲያው ብመልስልሽ ኖሮ ዛሬ አንነጋገርም ነበር።

ከምክሩ በፊት ግን አንድ ነገር ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ቀንቻለሁ። በመርከቡ አይደለም፤ ስለ ዋና ገንዳውና ቀን ከሌት ስለማይነሳው ምግብ ደጋግመሽ ስትነግሪኝ ደስ ብሎኝ ነው የሰማሁሽ። የቀናሁት በከተማው ነው። ያቺን ከተማ ከሱ ጋር የምትረግጪው አንቺ መሆንሽ አንጀቴን አቃጠለው። ይህን ለሰው ብናገር መሳቂያ እሆናለሁ፤ ተሰድዳ መሬት ላይ በተኛችበት አገር የምትቀና ሴት የት ታይታለች ይሉኛል። እኔ ግን ቀንቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት፣ አሁን ወደ ምክሩ።

ያን ተረከዙ እንደ ምስማር የቀጠነውን ጫማሽን ዉድበሪ ተይው። ቫሌታ የምትባለው ከተማ ከወደቡ በላይ፣ ግንብ ላይ የተቀመጠች ናት። መንገዷ ግማሹ ደረጃ ነው፣ ደረጃው ደግሞ ስንት ዘመን ሰው ሲረግጠው ኖሮ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። አሁን መርከቡ ከሚቆምበት አጠገብ እስከ ላይ የሚያወጣ ሊፍት ሠርተዋል ብለውኛል። በኛ ጊዜ አልነበረም፤ በእግራችን ነበር የምንወጣው፣ እየተሽቀዳደምን። አንቺ በሊፍቱ ውጪ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽሮውን ገፋ አድርገሽ ሎሚ ብቻ ስትመጠምጪ አይቼሻለሁና መሽቀዳደም ይቅርብሽ።

ከመርከቡ እንደወረዳችሁ ሹፌሮች ይከቧችኋል። ደሴቲቱን በሙሉ አሳያችኋለሁ፣ በአንድ ቀን እጨርስላችኋለሁ ይላሉ። ቢሉም አይዋሹም፤ ደሴቲቱ መንትዮቹ ከተሞቻችን ተደምረው ከሚሆኑት ብዙም አትበልጥም። ግን በመኪና የታየ ነገር ምን ይታወሳል? ጭንቅላቱ ላይ ላባ የተሰካለት ፈረስ ያለው ጋሪም ይቀርብላችኋል። ፎቶ አንሺውና እለፉ። ፊራኦል ፈረሱን ለመዳበስ ይቆማል፣ ልጅነቱ ከፈረስ ጋር ስለሆነ እጁ አያርፍም፤ ትንሽ ታገሺው። ይህን አንቺም ታውቂው ይሆናል። ካላወቅሽው ደግሞ እኔ ቀድሜሽ ማወቄን አልጠላሁትም።

ሊፍቱ የሚያወጣችሁ ላይኛው ባራካ የሚባል መናፈሻ ላይ ነው። ከዚያ ላይ ወደቡ በሙሉ ይታያል፣ መርከባችሁም ከላይ ሲያዩት መጫወቻ ይመስላል። ስድስት ሰዓት ላይ ከመናፈሻው ሥር መድፍ ይተኮሳል፤ ለወግ ነው፣ ማንም አይጎዳበትም። ቱሪስቱ ሁሉ ስልኩን ደግኖ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ፊራኦል እጅሽን ጭምቅ አድርጎ ይይዝሻል። ፍቅር እንዳይመስልሽ። ሊቢያ ውስጥ ያየውን ስላየ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ እዚያ መናፈሻ ስንቀመጥ የያዘው የኔን እጅ ነበር፣ ጥፍሩ መዳፌ ላይ ታትሞ ዋለ።

አመለጠኝ ልልሽ አስቤ ነበር፤ አላመለጠኝም፣ አስቤበት ነው የጻፍኩት። ሁለታችንም ማልታ እንደነበርን ድሮም ታውቂያለሽ። እንዴት ነው ስትይን እዚያ እንተዋወቅ ነበር ብለን አልፈነዋል፤ አንቺም የመተዋወቁን ልክ ጠይቀሽን አታውቂም።

በረንዳ ያለው ክፍል ይዘሻል አሉ። ጥሩ ነው፣ አንቺ ተቀመጪበት። እሱ ግን አይወጣበትም፣ ይህን ከወዲሁ ልንገርሽና ሽርሽሩን እንዳታበላሺው። ባሕር ላይ ሆኖ ባሕር ማየት አይችልም። ጀልባችን ነዳጅ ጨርሳ ስንንሳፈፍ፣ ውኃውን እያየ ድምፁ ጠፋ፤ የማልታ ወታደሮች ካወጡን በኋላም ብዙ ቆይቶ ነው የተናገረው። መጋረጃውን ዝጊለትና ሌላ ወሬ አምጪ። ጫማውን አልጋው ሥር ሳይሆን ራስጌው አድርጎ ቢተኛ አትሳቂበት። እዚህ ይህን ልማድ ትቶት ይሆናል፣ መርከብ ላይ ግን ሊመለስበት ይችላል።

በዚህ በብርዱ ወራት ወደ ክሩዝ የሚሄዱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ስንት ገፋሁ መሰለሽ። ሻንጣቸው ላይ የመርከቡ ስም ያለበት ወረቀት ተንጠልጥሎ፣ ገና ኤርፖርቱ ካለበት ከፎርት ስኔሊንግ በረዶ ሳይወጡ የባሕር ዳር ባርኔጣቸውን ደፍተው ይመጣሉ። ባለፈው አንዷ፣ ደግ ሴት ናቸው፣ አንቺ በመርከብ ሄደሽ ታውቂያለሽ ወይ አሉኝ። አንድ ጊዜ አልኳቸው። ምግቡ እንዴት ነበር አሉኝ። ትንሽ አነሰ አልኳቸው። እሳቸውም አዎ፣ አንዳንዶቹ መርከቦች እንደዚያ ናቸው ብለው አጽናኑኝ። እስከ በሩ ድረስ ከሳቅ ጋር ስታገል ነበር፣ እሳቸውን አውሮፕላኑ በር ላይ ካስረከብኩ በኋላ ግን ባዶውን ዊልቸር ይዤ ስመለስ እንባዬ መጣ። ስለዚያ ጊዜ ከስንት ሰው ጋር እንደማወራ ታውቂያለሽ? ከአንድ ሰው ጋር ብቻ። እሱም ረስቼዋለሁ አለሽ።

ምግብ ላልሽው፣ ፓስቲዚ የሚባል አለ፣ በእጅ የሚያዝ፣ ከምድጃ ትኩሱን የሚወጣ ሳምቡሳ መሰል ነገር፤ አንዳንዱ አይብ አንዳንዱ አተር አለበት። ሬስቶራንት ተቀምጣችሁ አይሁን፣ ከመንገድ ዳር ከትንሽ ሱቅ ግዙ። በዓለ ኀምሳ ስለሚሆን ረቡዕም ቢሆን ያለ ሐሳብ ትበያለሽ። አተሩን ለሱ፣ አይቡን ላንቺ። አይብ አይወድም፣ ለይሉኝታ ግን ይበላል፤ ያንቺን አይብ በስንት ዓመት ስንት ጊዜ ለይሉኝታ እንደበላ እግዜር ይወቅ። ይህን ስጽፍ ትንሽ ደስ አለኝ፣ ይቅር በይኝ።

አሁን የሚያስጎበኝ ሰው የማይነግርሽን ላውራሽ። እሱ ምን ያህሉን እንደነገረሽ አላውቅም። የኔን ከኔ ስሚ።

ወደቡ ከከተማው ወደ ውስጥ ገብቶ ገብቶ የሚያልቅበት ሰፈር ማርሳ ይባላል። የኛ ወንዶች የሚኖሩት እዚያ ነበር፤ እኛ ሴቶቹ ሌላ ቤት ነበርን፣ ቀን ግን ሁላችንም ማርሳ ነው የምንውለው። ማሚት የምትባል ሴት ለአበሻው ምግብ ታበስል ነበር፣ እኔ ሽንኩርት እከትፍላታለሁ። ማሚት ዕድሜዋ አርባ ስለሞላ ብቻ የሁላችንም እናት ሆና ነበር። ፊራኦል ጠዋት አደባባዩ ላይ ለቀን ሥራ ይቆማል፣ ማታ ሊበላ ይመጣል፣ ሽንኩርቱ ወፍራም ነው እያለ ይነዘንዘኛል። ነገሩ በሽንኩርት ጀመረ ብልሽ ትስቂያለሽ።

አንድ እሁድ ሦስት ሰዎች ለሽምግልና መጡ። ከሦስቱ ትልቁ ኤዶሳ ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ። ከካምፑ የታደላቸውን ግራጫ ብርድ ልብስ እንደ ጋቢ ተከናንበው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው በሩ ላይ ቆሙ። ማሚት ተቀመጡ ብትላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሳቄን በሽንኩርት እጄ ሳፍን ዓይኔን አቃጠልኩት።

ማሚት ግን አልሳቀችም። የልጁ ወገን ከየት ነው፣ እስከ ሰባት ትውልድ ቁጠሩልኝ አለች። ኤዶሳ በኦሮምኛ ቆጠረላት፤ አንዱንም ሳታውቀው በየስሙ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ዘመድ ሳላማክር ቃል አልሰጥም፣ በሳምንቱ ተመለሱ ብላ ሸኘቻቸው። ማሚት እዚያ አገር አንድም ዘመድ አልነበራትም። ሳምንቱን ሙሉ ያማከረችው እኔን ነው፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለ ራሴ ጋብቻ የዘመድ ምክር ሰጠሁ። በሳምንቱ ብርድ ልብሳቸውን ለብሰው ተመለሱ፣ እሷም ልጃችንን ሰጥተናችኋል አለች። ያኔ ነው የተቀመጡት። ወንበሩ ሁለት ብቻ ስለነበር ሦስተኛው ሽማግሌ፣ ደረሰ የሚባለው ልጅ፣ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀመጠ።

ጥሎሹ አንድ የስልክ ካርድ ነበር። ፊራኦል ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያራግፍ ውሎ የገዛው ነው። ለእናቷ ደውላ ትናገርበት ብሎ ላከልኝ። በዚያው ቀን ደወልኩላት።

ከዚያ የአሜሪካው ነገር መጣ። ባልና ሚስት ነን ብሎ የተመዘገበ ሰው ፋይሉ ይዘገያል፣ ወረቀት የሌለው ጋብቻ ጣጣ ያመጣል የሚል ወሬ ካምፑን ሞልቶት ነበር። እውነት ይሁን ሐሰት ዛሬም አላውቅም። ሁለታችንም ላጤ ነን አልን፤ እዚያ ስንደርስ እንደገና በደንብ እንጋባለን ተባባልን። እሱ ቀደመ፣ እኔ ዓመት ቆይቼ ተከተልኩት።

የደረስኩ ቀን ሊቀበለኝ የመጣው እሱ ብቻ አልነበረም። አንቺ ካፖርት ይዘሽ ቆመሻል። ዛሬ በየቀኑ ዊልቸር የምገፋበት መውጫ በር ላይ ነው፤ ባለፍኩ ቁጥር ካፖርቱ ትዝ ይለኛል። ከመዝሙር ክፍል የማውቃት፣ በእንግሊዝኛው የምትረዳኝ ብሎ አስተዋወቀኝ። ካፖርቱ ልክክ አለ። ሳታይኝ ቁመቴን እንዴት አወቅሽው ብዬ ሳስብ፣ የነገረሽ እሱ መሆኑ ገባኝ። ቁመቴን ያስታውሳል ማለት ነው አልኩና ደስ አለኝ። ሁለታችሁ መኪና ውስጥ ከፊት ስትቀመጡና እኔ ከኋላ ስገባ ነው ሌላው የገባኝ።

አንቺ ክፉ ብትሆኚ ኖሮ እገላገል ነበር። እስቲ ምን ነበረበት ትንሽ ብትከፊ? ክፍል ለቀሽልኝ ዉድበሪ እናትሽ ቤት አኖርሽኝ። ገበያ አዳራሹ ፓርኪንግ ላይ በበረዶ ድራይቭ ማድረግ አስተማርሽኝ፤ ያንቺን መኪና ከምሰሶው ጋር ሳጋጨው አባባ እንዳይሰሙ ራስሽ ነኝ አልሽ። አንቺን መጥላት እፈልግና ቀኑ ሳይመሽ አንድ ደግ ነገር ታደርጊብኛለሽ። እንዲህ ያለ ቅናት ለጠላትም አይስጥ፤ የሚያርፍበት የለውም።

እሱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነጋገርኩት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ መኪናዎቹ መሐል። ምነው አልኩት። ያ እኮ የካምፕ ጨዋታ ነው አለኝ። ልጆች ነበርን፣ ብርድ ልብስ ለብሰን ተጫወትን አለ። ዓይኔን ግን አላየኝም። እኔም ሄጄ መኪናሽ ውስጥ ገባሁ፤ አንቺ ነገሩን ሳታውቂ በርዶሻል ብለሽ ማሞቂያውን ወደ እግሬ አዞርሽልኝ።

አባባ ዘንድ ሽማግሌ የላከ ዕለት ኩሽና ውስጥ ሰሃን አጥብ ነበር። አራቱም ሽበታሞች ናቸው፣ እውነተኛ ጋቢ ለብሰዋል። ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። አባባም ዘመድ ሳላማክር መልስ አልሰጥም፣ በሳምንቱ ተመለሱ አሏቸው። ቃል በቃል ያው ነው፣ እህቴ። ማሚት ከተናገረችው አንድ አልጎደለም። የኔ ጨዋታ ከሆነ ያንቺ በምን ጨዋታ ሳይሆን ቀረ? በጋቢው? በሽበቱ? ያን ቀን ሰሃን ሰብሬ ነበር፣ እማማ ዕቃ ይተካል አሉኝ።

አንደኛ ሚዜ ሁኚኝ ስትይኝ እሺ ያልኩት ጥሩ ጓደኛ ስለሆንኩ አልነበረም። ፊቱን ከቅርብ ማየት ፈልጌ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ቢያፍር፣ አንድ ጊዜ ዓይኑ ቢሰበር ብዬ። ቀለበቱን ሲያደርግልሽ ላብ አጠመቀው። አንቺ ፈርቶ ነው ብለሽ ሳቅሽ፣ ሶፍቱን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። በዚያ ሶፍት ምን ያህል ጊዜ እንደኖርኩ ብነግርሽ ታዝኚልኛለሽ።

እንግዲህ የመጨረሻዋ ጥያቄሽ። ማሚት የምትባል ሴትዮ ምግብ ቤት ከመርከቡ ሩቅ ነው ወይ አልሽኝ። ብቻ እንዲሁ፣ ከጫማና ከፓስቲዚ ጋር ቀላቅለሽ።

የማሚትን ስም ከኔ አፍ ሰምተሽ አታውቂም። ከሱ ነው የሰማሽው። ሁሉንም ረስቻለሁ ያለው ሰው ማሚትን አልረሳም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ክፉ ነው። ሊያሾፍብኝ ነው አልኩ፤ ሚስቱን ይዞ ሄዶ እዚያ ሽንኩርት የምትከትፍ አንዲት ሴት ነበረች እያለ ሊያስቅብኝ ነው አልኩ። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ባቡሩን ስጠብቅ ሁለት ባቡር ሲያልፈኝ አላየሁም። ሦስተኛው ላይ ተሳፍሬ ቤቴ ልደርስ ስል ነው እሁድ የነገርሽኝ ትዝ ያለኝ። ልትቆርቡ አስባችኋል፣ የንስሐ አባታችሁም በሰው ዘንድ ያስቀራችሁት ቃል ካለ ጨርሳችሁ ኑ ብለዋችኋል። ስትነግሪኝ ድምፅሽ ቀጥኖ ነበር። እኔ የዘመድ ጠብ መስሎኝ ሎሚሽን እያየሁ አለፍኩት።

ስንት መርከብ ሞልቶ በማልታ የሚያልፈውን የመረጠው እሱ ነው አይደል? ላንቺም ነግሮሻል። ነግሮሽ ነው አንቺ ዓይኔን እያየሽ መጠየቅ አቅቶሽ በጫማና በታክሲ የዞርሽው። ነገሩ ሲገባኝ ከባቡሩ መውረድ ረስቼ አንድ ፌርማታ አለፍኩ። ከቃሉ እንድፈታው ሽማግሌ ልኮብኛል። ያውም አንቺን።

መጀመሪያ የጻፍኩልሽ ወረቀት ላይ ማሚት ሞታለች ብዬ ነበር። አትድከሙ፣ ምግብ ቤቱም ፈርሷል፣ ከተማውን አይታችሁ ተመለሱ ብዬ አሳምሬ ጻፍኩት። አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከከተትኩት በኋላ ፈራሁ፤ በሕይወት ያለች እናቴን በገዛ እጄ የገደልኳት መሰለኝ። ቀድጄ ጣልኩት። ማሚት አልሞተችም። ጀሪካን ላይ የተቀመጠው ደረሰ በፌስቡክ እንደነገረኝ አሁንም እዚያው ናት፤ አሜሪካ ሂጂ ሲሏት ለማን ትቼው ብላ ቀርታ የራሷን ቤት ከፍታለች።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። መናፈሻውን አይታችሁ፣ መድፉን ሰምታችሁ፣ ወደ ወደቡ ተመልሳችሁ ውረዱ። ባሕሩን በግራችሁ አድርጋችሁ ውኃው እስኪያልቅ ድረስ ሂዱ። ታክሲ አያስፈልግም፣ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ብትሄዱም ትደርሳላችሁ። ውኃው ሲያልቅ የፈረስ መሮጫውን ሜዳ ጠይቁ፣ ሕፃን ሁሉ ያሳያችኋል። ከአጥሩ ጀርባ በሩ አረንጓዴ የሆነ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ መምራቱን ለሱ ተይለት። ማሚት አንቺን እንዳየች ወንበር ታቀርብልሻለች፤ ሎሚ ያማራትን ሴት ገና ስታያት ታውቃለች፣ እኔም ከሷ ነው የተማርኩት። መርከቡ አይጠብቅምና ወሬዋ ጣፍጦሽ እንዳታመሽ፣ ማሚት እንግዳ መልቀቅ አታውቅበትም።

እኔ እሺ ብያለሁ። ይህን መጻፍ ቀላል አልሆነልኝም፣ ግን ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ፣ እሱንም ካንቺ ነው የምፈልገው። ማሚት ፊት ሲቆም ጨዋታ ነበር እንዳይል። ተቀመጥ ብትለው አይቀመጥ፤ ኤዶሳ እንደቆመ ቆሞ ይናገር። ልጃችሁን ለምኜ ነበር፣ ሰጥታችሁኝ ነበር፣ ቃሌን ያፈረስኩት እኔ ነኝ ይበል። አንቺ ከአጠገቡ ሆነሽ ስሚው። ለኔ ብለሽ ብቻ አይደለም፤ ያንቺንም ቃል የጠየቀው በዚያው አፍ ስለሆነ ሲከብድበት ብታዪው ይጠቅምሻል። ያን ጊዜ እጅሽን ቢይዝሽ ግን ያዢው። ቅድም ስለ መድፉ የጻፍኩት የቅናት ነው፤ ፍቅርም ሊሆን ይችላል።

ማሚት ወግ አጥባቂ ናት፤ ቃል ከፈረሰ ጥሎሽ ይመለሳል ትላችኋለች። የስልክ ካርዱ የለኝም፣ ተደውሎበት አልቋል በያት። እናቴ እንዳነሳችው ሽማግሌ ተላከብኝ አልኳት። እልል አለች። ጎረቤት ጠርታ እንደገና እልል አለች፣ እነሱም ተቀበሏት፣ እልልታው ረዘመ። ከዚያ ዝም አሰኘቻቸውና የማን ልጅ ነው አለችኝ። ስሙን ልነግራት አፌን ስከፍት ካርዱ አለቀ።

በሰላም ሂዱ፣ በሰላም ተመለሱ። ባሕሩን ጸጥ ያድርግላችሁ፤ የሄደውን መንገደኛ የሚመልስ አምላክ ከናንተ አይለይ። ላንቺም፣ ገና ላልነገርሽኝም ሰው፣ ጤናውን ያብዛላችሁ። አባባንና እማማን እጅ ንሺልኝ። የምትነሱበት ቀን ሺፍት አለኝ፤ በሩ ድረስ ሻንጣችሁን እኔ እገፋዋለሁ።

አሁንም ሚዜሽ